የአንባቢያን ጥያቄ፦ የቤት ስቱዲዮ ገመድ፣ አቧራና ፋይል

በዚህ ዕትም መልስ የምንሰጥባቸው ጥያቄዎች የመጡት ቤታቸው ውስጥ ድምፅ ከሚቀርጹ አንባቢዎች ነው፤ ሁሉም ስቱዲዮን ሥርዓት ስለማስያዝ ይጠይቃሉ። ሥርዓት ስንል እጅ የሚያሻውን ሳይፈልግ ማግኘቱን፣ ጆሮም ከተቀረጸው ሌላ ነገር አለመስማቱን ነው። ዘፋኙ ማይክ ፊት ቆሞ አንድ ጃክ ሲፈለግለት አሥር ደቂቃ ካለፈ፣ የሞቀው ድምፁም ስሜቱም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን እንደ ቤት ጽዳት ሳይሆን እንደ ቀረጻ ጉዳይ ነው የያዝናቸው።

ጥያቄ፦ ከጠረጴዛዬ ሥር የነበረው የገመድ ትብትብ ስላስጠላኝ ሁሉንም ሰብስቤ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ለዓይን አምሯል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ሳላጫውት እንኳ ስፒከሮቼ እምምም ይላሉ። ገመድ ማሰር ድምፅ ያበላሻል እንዴ?

መልስ፦ ማሰሩ አያበላሽም፤ የሚያበላሸው ምን ከምን ጋር እንደታሰረ ነው። መብራት የሚያልፍበት ገመድ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ አለው፤ መስኩም ከመብራቱ ጋር በሴኮንድ 50 ዙር፣ በአንዳንድ አገር 60 ዙር ይወዛወዛል። የድምፅ ገመድ ከዚህ ጋር ተጣብቆ አንድ ሁለት ሜትር ሲሄድ ውዝዋዜውን ይቀበላል። እምምም የሚለው እሱ ነው። በብዛት የሚጠቃው ባላንስድ ያልሆነው ገመድ ነው፤ የጊታር ገመድና አርሲኤ ከዚህ ወገን ናቸው። ካኖን የምንለው ኤክስኤልአር እና ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ቲአርኤስ ጃክ ግን ባላንስድ ናቸው፤ ድምፁን በሁለት ሽቦ፣ አንዱን የሌላው ግልባጭ አድርገው ይወስዱታል። ከውጭ የገባው ጩኸት በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ፣ ተቀባዩ መሣሪያ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ ጩኸቱ ይጠፋል።

አሁን ሁሉንም መሣሪያ ያጥፉና ማሰሪያዎቹን በመቁረጫ ጉጠት ይቁረጡ። በምላጭ አይሞክሩ፤ የገመዱን ልባስ ይሰነጥቃል። ገመዶቹን በሦስት ይለዩ፦ የመብራትና የአዳፕተር፣ የድምፅ፣ የዩኤስቢ። የመብራቱን በጠረጴዛው አንድ ጎን ወደ ወለሉ አስጠግተው ይውሰዱ። የድምፁን በሌላው ጎን፣ ከጠረጴዛው ገበታ ሥር ያስኪዱት። በመካከላቸው 30 ሴንቲ ሜትር ካለ ለቤት ስቱዲዮ ይበቃል። የግድ በሚገናኙበት ቦታ ጎን ለጎን ከመሄድ ይልቅ በመስቀል ቅርጽ ይተላለፉ፤ በ90 ዲግሪ የተሻገረ ገመድ የሚቀበለው ጩኸት እጅግ ትንሽ ነው። ከበድ የሚሉ አዳፕተሮች በውስጣቸው ትራንስፎርመር ስላለ ከጊታር ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ከሚቀበለው ክፍል)፣ በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ከሚሠራው ዳይናሚክ ማይክና ከጊታር ገመድ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቁ።

የፕላስቲኩን ማሰሪያ በቬልክሮ (ተጣብቆ በሚላቀቅ የጨርቅ ማሰሪያ) ይተኩት። ፕላስቲኩ ሲጠብቅ የገመዱን ውስጥ ይጨፈልቃል፤ አንድ ገመድ ለመጨመር በፈለጉ ቁጥርም ሁሉንም መቁረጥ ይጠይቃል። ቬልክሮውን ሲያስሩ ትንሿ ጣትዎ ከሥሩ መግባት አለባት። ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጀርባ ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ገመድ ይተዉ፤ ትርፍ ከሌለው፣ ኢንተርፌሱን (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያ) ጀርባውን ለማየት ወደ ፊት ሲስቡት የጃኩ መግቢያ ይላቀቃል። ዩኤስቢውን ግን አያርዝሙት። የዩኤስቢ 2 ገመድ ወሰኑ 5 ሜትር ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ግንኙነቱ በቀረጻ መሐል ሊቆራረጥ ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገው ድምፁ ካልጠፋ ችግሩ ከአቀማመጥ ሳይሆን ከግራውንድ (ከመሬት መስመር) ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለው በባትሪ ብቻ ያስኪዱት። ጩኸቱ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ሁለት መሣሪያዎች በሁለት መንገድ ከመሬት መስመር ጋር ተገናኝተው ክብ ሠርተዋል ማለት ነው። የድምፅ መሣሪያዎቹን በሙሉ ከአንድ ግድግዳ ሶኬት በሚነሳ አንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ፤ ከኢንተርፌስ ወደ ስፒከር የሚሄደውንም ገመድ ባላንስድ ያድርጉት። አብዛኛው ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ካላበቃ በመካከል ገብቶ ግንኙነቱን የሚለይ ኦዲዮ አይሶሌተር ያስፈልጋል። የሶኬቱን የግራውንድ እግር መስበር ወይም በፕላስተር መሸፈን ጩኸቱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ግን መሣሪያው ውስጥ አንድ ሽቦ በተላቀቀ ዕለት ማይኩን የያዘውን ዘፋኝ ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። ይህን ማንም ቢመክርዎ አያድርጉት።

ጥያቄ፦ የማይክ ገመዶቼ ስዘረጋቸው እንደ ሞላ ይጠማዘዛሉ፣ ወለሉ ላይም አይተኙም። የምጠቀልላቸው በእጄና በክርኔ ላይ ነው። የተሻለ መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፤ መጀመሪያ ከክርንዎ ያውርዱት። ገመድ በአንድ አቅጣጫ በተጠቀለለ ቁጥር እያንዳንዱ ዙር አንድ ሙሉ ጥምዛዜ ያስገባበታል። ስድስት ዙር የዞረ ገመድ ስድስት ጊዜ ተጠምዝዟል። ሲዘረጋ ያ ጥምዛዜ መውጫ ስለሚያጣ ገመዱ ሞላ ይሆናል፤ በጊዜ ብዛትም ውስጡ ያለው የመዳብ ጉንጉን ይበጣጠሳል። በውጭ ምንም ሳይታይ ማይኩ አንዴ የሚሠራ አንዴ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙት አንዱን ዙር ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች የሚያደርግ አጠቃለል ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ በግራ እጅዎ ይያዙ። በቀኝ እጅዎ አንድ ሜትር ያህል ስበው እንደወትሮው ወደ ግራ እጅዎ ያምጡት፤ ሲያመጡት ገመዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል በትንሹ ያሽከርክሩት። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ለሁለተኛው ዙር የቀኝ መዳፍዎን ወደ ውጭ አዙረው፣ አውራ ጣትዎ ወደ ታች እያመለከተ ገመዱን ይያዙ። እጅዎን ወደ ግራ ሲመልሱ መዳፉን ወደ ቦታው ያዙሩት። ቀለበቱ ይገለበጥና ቀሪው ገመድ ከቀለበቱ በውስጥ በኩል ይወጣል። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው፣ አራተኛው እንደ ሁለተኛው እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ዙር ያስገባውን ጥምዛዜ ሁለተኛው ያወጣዋል።

ሲጀምሩ እጅ እምቢ ይላል። በ6 ሜትር ገመድ አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ ከደጋገሙት ግን እጁ ራሱ ያውቀዋል። በትክክል መጠቅለሉን ለማየት አንዱን ጫፍ ይዘው ቀሪውን ወደ ፊት ይወርውሩት፤ ቀጥ ብሎ መዘርጋት አለበት። በየክንዱ ቋጠሮ እየሠራ ከመጣ የገመዱ ጫፍ በቀለበቶቹ መሐል ሾልኳል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ያልታሰረ ገመድ ሲሰቀል ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ገመድ አንድ ጫፍ ላይ ቬልክሮ በቋሚነት ይኑር። ቬልክሮውን የሚያስሩት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ጫፍ፣ ለምሳሌ ማይኩ በሚገባበት በኩል ከሆነ፣ ገመዱ ተጠቅልሎም ሳለ የትኛው ጫፍ የቱ እንደሆነ በጨለማ ያውቁታል።

መስቀያው ምስማር አይሁን። ምስማር ገመዱን በአንድ ነጥብ ያጥፈዋል፤ እንደ መጥረጊያ እንጨት ወፈር ያለ ክብ ነገር ይሻላል። በርዝመት ለይተው ይስቀሉ፤ የ3 ሜትሩን አንድ ቀለም፣ የ6 ሜትሩን ሌላ ቀለም ፕላስተር ይጠቅልሉበት። ከጃኩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው በሁለቱም ጫፎች አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፉ። ከዚያ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ አንዱን ገመድ እየጎተቱ የትኛው እንደሚንቀሳቀስ ማየት ይቀራል። የተበላሸ ገመድ ከተገኘ በዚያው ደቂቃ ቀይ ፕላስተር ተጠቅልሎበት ከመስቀያው ይውረድ። «ቆይቼ አየዋለሁ» ተብሎ ወደ ቦታው የተመለሰ ገመድ የሚመጣው ቀረጻው በሞቀበት ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ሳጥን ውስጥ ከአሥር በላይ አዳፕተሮች አሉኝ። የትኛው የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ ጠፍቶኛል። ጃኩ እስከገባ ድረስ ማንኛውንም መጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም፤ ከስቱዲዮ ዕቃ በስሕተት ከሚቃጠለው ብዙው የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ሳጥኑን ዛሬውኑ ይገልብጡት። እያንዳንዱ አዳፕተር ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለው፤ ከመሣሪያው ጽሑፍ ጋር በአራት ነገር መግጠም አለበት። ቮልቱ እኩል ይሁን። የሚያወጣው መብራት ዲሲ ወይም ኤሲ መሆኑ ይመሳሰል። ሚሊ አምፔሩ መሣሪያው ከሚፈልገው እኩል ወይም በላይ ይሁን፤ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፣ ቢያንስ ግን አዳፕተሩ ይግላል፣ መሣሪያውም በራሱ ይጠፋል። አራተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ ፖላሪቲ። በትንሿ የክብ ሥዕል ላይ መካከለኛው ነጥብ ፕላስ ወይም ማይነስ ተብሎ ይታያል። የጊታር ፔዳሎች በብዛት 9 ቮልት ሆነው መካከላቸው ማይነስ ነው፤ ሌሎች መሣሪያዎች ግን በብዛት መካከላቸው ፕላስ ነው። ጃኩ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ፔዳሉም ይሞታል።

ሲለዩአቸው በነጭ ፕላስተርና በማይለቅ ማርከር የመሣሪያውን ስም አዳፕተሩ ላይ ይጻፉ። ማከፋፈያው ላይ የሚሰካውን ጫፍም አይርሱ፤ ነቅለው የሚያዩት እሱን ነው። ባለቤት ያልተገኘለት ለብቻው በሌላ ሳጥን ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ኮንደንሰር ማይኬ በስታንዱ ላይ ዓመት ቆይቷል። አሁን ድምፁ ደብዝዟል፣ አንዳንዴም ይንኮሻኮሻል። ማጽዳት እችላለሁ?

መልስ፦ ውስጡን አይንኩት። በኮንደንሰር ማይክ ውስጥ ድምፁን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ከወረቀት በብዙ እጥፍ የሳሳ፣ በላዩ ብረት የተቀባ ፕላስቲክ ነው። በኤሌክትሪክ ስለሚሞላ አቧራን ይስባል፤ የዘፋኙ ትንፋሽ ያመጣው እርጥበት ከአቧራው ጋር ሲዋሐድ ኤሌክትሪኩ ማፍሰስ ይጀምራል። መንኮሻኮሹ የዚህ ምልክት ነው። ማይኩን ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ እርጥበት ከሚመጥጡ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር አድርገው ለአንድ ሁለት ቀን ያቆዩት። ችግሩ እርጥበት ብቻ ከነበረ ይመለሳል። ካልተመለሰ ለጠጋኝ ይስጡት እንጂ ወንፊቱን ፈትተው በጥጥ አይጥረጉ፤ በአፍም ሆነ በታመቀ አየር አይንፉበት።

ከእንግዲህ ቀረጻ ሲያበቃ በኢንተርፌሱ ላይ 48 ቮልት የሚለውን፣ ለማይኩ መብራት የሚልከውን ቁልፍ ያጥፉ፣ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ገመዱን ይንቀሉ። ማይኩ ወደ ሳጥኑ ይመለስ። በየቀኑ የሚሠሩበትና በስታንዱ እንዲቆይ የሚፈልጉት ከሆነ ብናኝ የማይራገፍበት ንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ያልብሱት። የሻይ ፎጣ አይሆንም፤ ብናኙን እዚያው ይለቃል። ሪበን ማይክ ካለዎት ደግሞ ቆሞ ይቀመጥ፤ ሲጋደም በውስጡ ያለው ስስ የብረት ጥብጣብ በራሱ ክብደት ሊረግብ ይችላል።

ዳይናሚክ ማይክ ላይ ነገሩ ይቀላል። ወንፊቱን ዞር ዞር አድርገው ይፍቱት፣ በውስጡ ያለውን ስፖንጅ ያውጡ፣ ሁለቱንም ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡ። የማይኩ አካል ግን ውሃ አይንካው። ወንፊቱን መልሰው የሚገጥሙት ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው። ብዙ ሰው እየተፈራረቀ ለሚዘፍንበት ማይክ ይህ በወር አንዴ ቢደረግ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ክፍሌን አጽድቼ መጻሕፍቱን፣ ምንጣፉንና የልብስ መስቀያውን ካወጣሁ በኋላ የምቀርጸው ድምፅ ከበፊቱ የባሰ ሆነ። እውነት ነው ወይስ ጆሮዬ ነው?

መልስ፦ ጆሮዎ ትክክል ነው። ሥርዓት ማስያዝ ሲባል ብዙ ሰው ክፍሉን ባዶ ያደርጋል፤ ባዶ ክፍል ደግሞ ለቀረጻ መጥፎ ነው። ልብስና ምንጣፍ የላይኛውን (ቀጭኑን) ድምፅ ይመጥጡ ነበር፤ እኩል ያልሆኑ መጻሕፍት የሞሉት መደርደሪያ ደግሞ የሚመለሰውን ድምፅ ይበታትን ነበር። አሁን ሁለት ራቁት ግድግዳዎች ፊት ለፊት ቆመው ድምፁን ይቀባበላሉ። በክፍሉ መሐል ቆመው አንዴ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ፤ ከጭብጨባው በኋላ ትርርር የሚል የብረት ዓይነት ድምፅ ከሰሙ እሱ ነው።

መጻሕፍቱን ይመልሱ፤ ግን ቦታቸው ከመቀመጫዎ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ይሁን። ምንጣፉ በጠረጴዛውና በማይኩ ዙሪያ ይዘርጋ። ዘፋኙ ጀርባውን ለልብሶቹ ሰጥቶ ይቁም፤ ማይኩ የሚሰማው ዘፋኙንና ከዘፋኙ ጀርባ የሚመጣውን ስለሆነ ወፍራም ልብስ መኖር ያለበት እዚያ ነው። መጋረጃ የሚሰቅሉ ከሆነ ስፋቱ የመስኮቱን እጥፍ ይሁንና እጥፋት እየሠራ ይውረድ። ይህ ሁሉ የሚያስተካክለው የላይኛውንና የመካከለኛውን ድምፅ ነው። በማዕዘን የሚከማቸውን ቤዝ ለመያዝ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው የማዕድን ሱፍ ይፈልጋል። የእንቁላል ካርቶን ለዚህ ምንም አያደርግም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ እሳትም በቀላሉ ይይዘዋል።

ጠረጴዛው ግን ባዶ ይሁን። በስፒከሮቹና በጆሮዎ መካከል የተቆለለ ነገር ሁሉ ድምፁን ይመልሳል፤ በቀጥታ የመጣውና በሚሊ ሴኮንድ ዘግይቶ የተመለሰው ሲገናኙ አንዳንዱ የድምፅ ክፍል ይጠፋል። ሚክስዎ (ትራኮቹን አመጣጥነው ያዋሐዱት ሥራ) ሌላ ቦታ ሲሰማ የሚለወጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ቤዝ ሲመታ አንድ ነገር ክፍሉ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ስፒከሩ ነው ብዬ ነበር፣ ግን አይደለም። እንዴት ላግኘው?

መልስ፦ በሚቀርጹበት ፕሮግራም ውስጥ አንድ ወጥ ድምፅ የሚያወጣውን ቶን ጄኔሬተር ይክፈቱ። በሳይን ሞገድ ከ30 ኸርዝ ይጀምሩና በሚክስ ጊዜ ከሚሰሙት ባልበለጠ ድምፅ ቀስ እያሉ እስከ 250 ኸርዝ ይውጡ፤ አንድ ደቂቃ ይፍጅ። መንቀጫቀጩ ሲሰማ እዚያው ላይ ያቁሙና ክፍሉን እየዞሩ ነገሮችን በእጅ ይጫኑ። ዝም ያሰኙት ነገር ተገኘ ማለት ነው። በብዛት የሚገኙት የመስኮት መስታወት፣ የመሳቢያ እጀታ፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ሥዕል፣ ሳንቲም ያለበት ኩባያና የመብራት ሽፋን ናቸው። ከሥሩ ትንሽ ወፍራም ጨርቅ ማድረግ ይበቃል። ክፍሉ ውስጥ ስኔር ከበሮ ካለ ከሥሩ የተወጠረውን ሽቦ ይልቀቁት፤ ጊታር ካለ በክሮቹ መሐል የጨርቅ ቁራጭ ያስገቡ ወይም ወደ ሳጥኑ ይመልሱት፤ እነዚህ ሁለቱ ሳይነኩ ይዘፍናሉ፣ ማይኩም ይሰማቸዋል። ያገኙትን ኸርዝ ከዕቃው ስም ጋር ቢጽፉት፣ በሌላ ቀን በቀረጻ ውስጥ ያንኑ ሲሰሙ ተጠያቂውን ወዲያው ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ውስጥ «ኦዲዮ 17» የሚሉ በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች አሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት የሠራሁትን ዘፈን ስከፍት ግማሹ ትራክ «ፋይሉ አልተገኘም» ይለኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመቅረጹ በፊት ባለው ሴኮንድ ይጀምሩ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚቀረጸውን ፋይል የሚሰይሙት በዚያ ቅጽበት ትራኩ በያዘው ስም ነው። ትራኩ «ኦዲዮ 17» ከተባለ ፋይሉም ይኸው ይሆናል፤ በኋላ ትራኩን ቢሰይሙት ፋይሉ አይከተለውም። ስለዚህ መቅረጫውን ከመጫን በፊት ትራኩን ይሰይሙ። ዋና ድምፅ፣ አጃቢ ግራ፣ ክራር ቅርብ ማይክ፣ ክራር ሩቅ ማይክ ብሎ መጻፍ አምስት ሴኮንድ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ግን ስሙን በላቲን ፊደል መጻፍ ይመረጣል፤ ፋይል ታሽጎ ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ አንዳንድ ፕሮግራም የግዕዙን ፊደል ወደማይነበብ ምልክት ይቀይረዋል።

ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ፎልደር ይኑር፤ ስሙም በቀን ይጀምር፣ ዓመት ከዚያ ወር ከዚያ ቀን። በዚህ ቅደም ተከተል ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ይደረድራቸዋል። ከቀኑ ቀጥሎ የዘፈኑ ስም፣ ከዚያ ቴምፖው። በውስጡ የፕሮጀክቱ ፋይል፣ የተቀረጸው ድምፅ፣ የሚክስ ውጤቶች፣ ግጥምና ማስታወሻ በየራሳቸው ፎልደር ይቀመጡ። ይህን ባዶ ፎልደር አንዴ ሠርተው ለአዲስ ሥራ ሁሉ እየገለበጡ ይጠቀሙበት። ሚክሶችን በሁለት አሃዝ ይቁጠሩ፣ 01፣ 02 እያሉ፤ በአንድ አሃዝ ከጻፉ አንዳንድ መሣሪያ ላይ 10 ከ2 ፊት ይመጣል። «የመጨረሻ» የሚል ቃል ፋይል ላይ አይጻፉ፤ ከመጨረሻው በኋላ ሌላ መምጣቱ አይቀርም።

«አልተገኘም» የሚለው ችግር ምንጩ ሌላ ነው። ከሌላ ፎልደር፣ ከፍላሽ ወይም ከዳውንሎድ ውስጥ ጎትተው ያስገቡት ድምፅ ፕሮጀክቱ ውስጥ አልገባም፤ ፕሮግራሙ ያለበትን አድራሻ ብቻ ነው የያዘው። ፍላሹ ሲነቀል ወይም ዳውንሎዱ ሲጸዳ አድራሻው ባዶ ይሆናል። መፍትሔው ሥራው ባበቃ ቁጥር ሁሉንም ወደ አንድ ቦታ የሚሰበስበውን ትእዛዝ መስጠት ነው። በኤብልተን ላይቭ «ኮሌክት ኦል ኤንድ ሴቭ»፣ በኪውቤስ «ባክአፕ ፕሮጀክት»፣ በፕሮ ቱልስ «ሴቭ ኮፒ ኢን»፣ በኤፍኤል ስቱዲዮ «ዚፕድ ሉፕ ፓኬጅ» ይባላል። ለአሁን የጠፉብዎትን፣ ፕሮግራሙ የሚያሳየውን የፋይል ስም ይዘው በአሮጌ ዲስኮች ሁሉ ላይ ይፈልጉ፤ በብዛት አልጠፉም፣ ቦታ ቀይረዋል።

ያለቀን ዘፈን ለዓመታት ለማቆየት ፕሮጀክቱ ብቻ አይበቃም፤ ፕላግኢኑ (በፕሮግራሙ ላይ የሚጨመረው የኢፌክት ወይም የመሣሪያ ሶፍትዌር) ሊቋረጥ፣ ፕሮግራሙም አሮጌውን ፋይል መክፈት ሊያቆም ይችላል። እያንዳንዱን ትራክ ከዘፈኑ መነሻ ነጥብ ጀምሮ፣ አንዴ ከነኢፌክቱ አንዴ ያለ ኢፌክት፣ ዌቭ ፋይል አድርገው ያውጡ። ቴምፖውን፣ ሳምፕል ሬቱን (ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ) እና የዘፈኑን ቁልፍ (ኪይ) በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ጽፈው አብረው ያስቀምጡ። እነዚህን ማንኛውም ፕሮግራም ላይ ከመነሻው ቢደረድሯቸው ዘፈኑ እንደገና ይቆማል።

ቦታ ምን ያህል ይፈጃል? በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። 24 ትራክ ያለው የ4 ደቂቃ ዘፈን 830 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የተደጋገሙ ቴኮች (የቀረጻ ሙከራዎች) ሲጨመሩ ብዙ ጊጋባይት ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ዲስክ ይምረጡ። ከዚያ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ውጫዊ ዲስኩ ቅጂ ሲያበቃ ይነቀል፤ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ኮምፒውተሩን ያገኘው የመብራት አደጋም ቫይረስም አብሮ ያገኘዋል። በየሦስት ወሩ ደግሞ አንድ አሮጌ ሥራ ከመጠባበቂያው ላይ ይክፈቱ። ተከፍቶ ያልታየ መጠባበቂያ መኖሩ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ የምቀርጸው በመኝታ ክፍሌ ነው። በየጊዜው እዘረጋለሁ፣ አነሳለሁ። ዝግጅቱ ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል።

መልስ፦ ዕቃውን በዓይነቱ ሳይሆን በሥራው ያስቀምጡ። ማይኮች አንድ ቦታ፣ ገመዶች ሌላ ቦታ ሲሆኑ ለአንድ ቮካል አራት ቦታ መሄድ ይኖርብዎታል። በምትኩ የቮካል ሳጥን ያዘጋጁ፦ ማይኩ ንዝረት ከሚከላከለው ከነሾክ ማውንቱ፣ የትንፋሽ ምት የሚያግደው ፖፕ ፊልተር፣ አንድ የ6 ሜትር ገመድ፣ የዘፋኙ የጆሮ ማዳመጫና ከትንሹ ጃክ ወደ ትልቁ የሚቀይረው መቀየሪያ። ጊታር የሚቀርጹ ከሆነ የጊታርም ሳጥን እንዲሁ። መቀየሪያዎችና የስታንድ ብሎኖች በጣም ይጠፋሉ፤ ክፍልፋይ ባለው ትንሽ ሳጥን ይለዩአቸው። ከክዳኑ ውስጥ የይዘቱን ዝርዝር ይለጥፉ፣ ሲያነሱ በዝርዝሩ እየቆጠሩ ይመልሱ።

ጥሩ ድምፅ ያገኙበትን ቀን አይልቀቁት። የስታንዱ ሦስት እግሮች ያረፉበትን ወለል በትንንሽ ፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ የስታንዱን ከፍታ በቱቦው ላይ በማርከር ያስምሩ፤ የኢንተርፌሱን ቁልፎች ቦታ በስልክ ፎቶ አንስተው ከዘፈኑ ፎልደር ውስጥ ያስገቡ። በሳምንቱ አንድ መስመር መድገም ቢያስፈልግ ማይኩ እዚያው ርቀት ላይ ይቆማል፣ አዲሱና አሮጌው መስመር አይለያዩም። የስታንዱ ክንድ በሚዘረጋበት አቅጣጫ አንደኛው እግር ይሁን፤ ካልሆነ ማይኩ ከነክንዱ ይወድቃል።

ሲያበሩ ስፒከሮቹ የመጨረሻ ይሁኑ፣ ሲያጠፉ የመጀመሪያ። ኢንተርፌስ ሲበራና ሲጠፋ የሚልከው ጉልህ ምት የስፒከሩን ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) ሊጎዳ ይችላል። ይህን ቅደም ተከተል ማከፋፈያው ላይ በቁጥር ይጻፉት። በእነዚህ ነገሮች ዝግጅቱ ወደ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ የሚክሰሬ ፋደር (ተንሸራታቹ የድምፅ መቆጣጠሪያ) ባንቀሳቀስኩት ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ዘይት ልጨምርበት?

መልስ፦ የበር ማጠፊያ ዘይት በጭራሽ። አቧራ ይይዝና በወራት ውስጥ ወደ ጭቃ ይለወጣል። መሣሪያውን አጥፍተው ፋደሩን ከሥር እስከ ላይ ሠላሳ ጊዜ ያህል ያመላልሱት፤ ቀለል ያለ ዝገት ከሆነ በዚህ ይለቃል። ካልለቀቀ ለፋደር ተብሎ የተሠራ፣ ቅባቱን የማያጥብ ማጽጃ በጣም ጥቂት ይርጩበትና እንደገና ያመላልሱት፤ እስኪደርቅ ሳያበሩ ይጠብቁ። ተራ አልኮል ቆሻሻውን ያነሳል፣ ግን ፋብሪካው ያደረገውን ቅባትም አብሮ ስለሚወስድ ፋደሩ ይደርቃል። ለየቀኑ አቧራ ደረቅ፣ ለዚሁ ብቻ የተለየ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል፤ ሥራ ሲያበቃም መሸፈኛ ይልበስ። ውሃና ቡና ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከሚክሰሩ ዝቅ ባለና ለብቻው በተለየ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ስኳር ያለበት መጠጥ የገባበት ፋደር አይጸዳም፤ የሚቀየር ነው።